ውጭ አገር የማስተማር ልምምድ ለምትወጡ

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ ስትታዘቡ ትምህርቱን ብቻ አትከታተሉ። እሱን ማታ ከመጽሐፉ ታነቡታላችሁ። ይልቅ የክፍሉን ወግ ያዙ። ተማሪ እጁን ሳያወጣ መናገር ይችላል? ሽንት ቤት ለመሄድ ምን ብሎ ያስፈቅዳል? መምህሯ ጫጫታውን ጸጥ የምታሰኘው በምን ዓይነት አነጋገር ነው፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ነው ወይስ ዝም ብላ ቆማ? እንዳለ ጻፉት፣ ተራችሁ ሲደርስም እንዳለ ተጠቀሙበት፤ ልጆቹ የለመዱትን ሲሰሙ ቶሎ ይሰበሰባሉ።

የመቀመጫ ካርታም ሥሩ። ከየስሙ ጎን አጠራሩን ጻፉ፣ ካልገባችሁ ልጁን ራሱን ጠይቁት፣ ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋም።

ጥያቄ ጠይቃችሁ ደግሞ አትቸኩሉ። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው ጥናት፣ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ፣ ወደ 3 ሰከንድ ሲያደርሱት ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና እንደሚሻሻል አሳይታለች። በሁለተኛ ቋንቋ ለሚያስተምር ሰው ይሄ ድርብ ጥቅም አለው፤ እነሱም የእናንተን አነጋገር ይለምዳሉ፣ እናንተም ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ታስባላችሁ። ዝምታው መጀመሪያ ላይ ያስጨንቃል፣ በልባችሁ ቁጠሩ።

አንድ ተራ ነገር ልጨምር፦ ፎቶኮፒ ማሽኑ የይለፍ ቁጥር ካለው ከወዲሁ ተቀበሉ። ጠዋት ደወሉ ሊደወል ሲል እዚያ ሰልፍ አይጠፋም፣ ወረቀትም ያልቃል።