384 ሰው መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፦ በመጠይቅ ጥናት ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጀማሪ ተመራማሪዎችን የጥናት ንድፍ ሳነብ መጀመሪያ የናሙናውን መጠን አያለሁ። ብዙ ጊዜ 384 ነው። ምላሽ ለማይሰጡት 10 በመቶ ይጨመርና 423 ይሆናል። ለምን? ስል «ቀመሩ ነው» ይሉኛል።

ቀመሩ ግን 384 የሚሰጠው የምንለካው ነገር በግማሹ ሕዝብ ላይ ይገኛል፣ የስህተት ወሰኑ (ግምታችን ከእውነተኛው ወደ ላይም ወደ ታችም ሊርቅ የሚችለው) 5 በመቶ ይሁን፣ እርግጠኝነቱ 95 በመቶ ይሁን፣ ሰዎቹም አንድ በአንድ በዕጣ ተመረጡ ብለን ስንነሳ ነው። አንዱ ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል። በሽታው ከ100 ሰው ሁለቱን ብቻ የሚይዝ ከሆነ «ሲደመር ሲቀነስ 5» ምን ይጠቅማል? መንደሮችን በዕጣ መርጣችሁ በየመንደሩ ብዙ ሰው ከጠየቃችሁ ደግሞ፣ ጎረቤታሞች ስለሚመሳሰሉ ናሙናው ማደግ አለበት። ብዙ ጊዜ በ1.5 ወይም በ2 ይባዛል። ሁለት ቡድኖችን ለማወዳደርም ሌላ ስሌት አለ።

የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ለቁጥሩ ይህን ያህል ተጨንቀው፣ ሰዎቹ ከየት እንደሚመጡ አያስቡም። የመጠይቁን ሊንክ በሚያውቋቸው ግሩፖች ይለቁታል፤ 384 ሲሞላ ይዘጉታል። ከዚያ ስለ ሕዝቡ ይጽፋሉ! በ1936 የአሜሪካው ሊተራሪ ዳይጀስት መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች መጠይቅ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቧል። በፕሬዚዳንታዊ ምርጫው ላንደን ያሸንፋል አለ። ያሸነፈው ሩዝቬልት ነበር፤ ያውም ከ48 ግዛቶች በ46ቱ። ስሞቹ በብዛት የተወሰዱት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነው፤ ያኔ ስልክና መኪና የነበራቸው ደግሞ ይበልጥ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። መልሰው የላኩትም ካልላኩት ይለያሉ።

ምላሽ ለማይሰጡት የተጨመረው 10 በመቶም ይህን አያድንም። ቀን ቀን ብቻ ቤት ለቤት ከዞራችሁ ሥራ የሚውለውን ሰው አታገኙትም፤ ጎረቤቱም እሱን አይተካም። ማታ ተመለሱ። ካጣችሁት ደግሞ ሌላ ቀን ሂዱ።

ሁለት ጥያቄ በአንድ አትጠይቁ። «ሐኪሙና ነርሷ በአክብሮት አስተናግደውዎታል?» ሐኪሙ አክብሮት ነርሷ ከተቆጣችው ሰውዬው ምን ይበል?

መልሱን በጥያቄው ውስጥ አታስቀምጡ። «እጅ መታጠብ እንደሚጠቅም ያውቃሉ?» ሲባል አላውቅም የሚል የለም። «እጅዎን መቼ መቼ ይታጠባሉ?» በሉ፤ ምርጫዎቹን ሳታነቡ ያለውን ብቻ መዝግቡ።

የማይታወስ ነገርም አትጠይቁ። ባለፈው ዓመት ልጇን ስንት ጊዜ ተቅማጥ እንደያዘው የተጠየቀች እናት የምትነግራችሁ ግምቷን ነው። ትልልቆቹ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች ስለ ሕፃናት ተቅማጥና ትኩሳት ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ብቻ ይጠይቃሉ።

መጠይቁን ሳይሞክሩ መስክ መውጣት ሁልጊዜ ያስከፍላል። አንድ ቡድን «በሳምንት ስንት ቀን አትክልት ይበላሉ?» ብሎ ሲጠይቅ አንዱ ጠያቂ ድንችን ቆጠረ፣ ሌላው አልቆጠረም። ይህ የታወቀው መረጃው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ነው። ከናሙናው ውጭ ጥቂት ሰዎችን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ጥያቄውን በራሳቸው አባባል እንዲነግሯችሁም አድርጉ።

በአንድ ቀን አብረው ስለተለኩ ሁለት ነገሮች አንዱ ሌላውን «አመጣ» አትበሉ። ድብርትና እንቅልፍ ማጣት አብረው ከተገኙ የትኛው እንደቀደመ መጠይቃችሁ አያውቅም። «ተያይዘዋል» በሉ።

የመጨረሻውን አደራ እላችኋለሁ። ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ሴትን ባሏ ወይም አማቷ እየሰማ አትጠይቁ። የምታገኙት መልስ ውሸት ሊሆን ይችላል፤ እሷም እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ልትጎዳ ትችላለች። ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ጠይቁ። ሰው ድንገት ከገባ የምትሸጋገሩባቸው ስለ ሌላ ጉዳይ የሆኑ ጥያቄዎች አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ጠያቂዎቻችሁንም መስክ ሳይወጡ በፊት ይህንኑ ደጋግማችሁ አለማምዱ።