የሱፐርሂሮ ፊልም ለኮሚኩ ታማኝ መሆኑን እንዴት እንለይ?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ዛፎች ሥር ስለ ሱፐርሂሮ ፊልም ክርክር ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከልብስ ነው። «አቦ፣ ጭምብሉ እንዲህ አልነበረም!» ይባላል። ለእኔ ግን ልብሱ ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ ጀግናው የሚከፍለው ዋጋ ነው። እሱን ለማየት እንዲህ አድርጉ።

1. ከየትኛው ኮሚክ (በሥዕል ከተተረከ ታሪክ) ጋር እንደምታወዳድሩ ወስኑ።
ስፓይደርማንን ስታን ሊ እና ስቲቭ ዲትኮ በ1962 እ.ኤ.አ. ፈጠሩት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ጸሐፊ ተቀባብሎታል። ስለዚህ «ከኮሚኩ ይለያል» ማለት ብቻውን የትም አያደርስም። የትኛው እትም? ማን የጻፈው? የታተመውን ማግኘት ካስቸገረ ማርቭል ኮሚኮቹን በስልክ መተግበሪያም ያስነብባል።

2. መጀመሪያ አንብቡ፣ ሦስት ነገር ጻፉ።
ምን ሆነ? ለምን ሆነ? ማን ምን አጣ? ሦስተኛውን አትዝለሉት።

3. ፊልሙን በኦሪጅናሉ እዩት።
ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ማታ ላይ፣ ከነሰብታይትሉ። በአማርኛ የሚተረከው ለጨዋታ ደስ ይላል። ተራኪው ከራሱ የሚጨምረው ግን ለማወዳደር ያሳስታል።

4. ተመሳሳይ የሚመስለውን ትዕይንት በደንብ መርምሩ።
ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። በ1973 የወጣውን የ«አሜዚንግ ስፓይደርማን» ቁጥር 121 ውሰዱ። የስፓይደርማን ጠላት ግሪን ጎብሊን የፒተርን (ስፓይደርማን ያለ ጭምብሉ ስሙ ይህ ነው) ፍቅረኛ ግዌን ስቴሲን ከድልድይ ላይ ይወረውራታል። ስፓይደርማን ድሩን ለቆ እግሯን ይይዛል። አንገቷ አጠገብ ግን አንድ ነገር ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ በትንሹ ተጽፏል። ቶሎ ገጹን የሚገልጥ ሰው ላያየው ይችላል። ፒተር እንዳዳናት እያሰበ ወደ ላይ ይጎትታታል። ሞታለች።

አሁን የሳም ራይሚን የ2002 ፊልም እዩ። ጎብሊኑ በአንድ እጁ ፒተር የሚወዳትን ሜሪ ጄንን፣ በሌላው ሕጻናት የተሳፈሩበትን የኬብል መኪና ይዞ ድልድይ ላይ ቆሟል። «ምረጥ» ብሎ ሁለቱንም ይለቃቸዋል። ስፓይደርማን ሁለቱንም ያድናል። ድልድዩ አለ፣ ጎብሊኑ አለ፣ የምትወድቀው ልጅ አለች። ኪሳራው ግን የለም። ትዕይንቱ መልኩን ወስዶ ሕመሙን ትቷል።

ግን እዚህ ላይ አታቁሙ። መጨረሻው ላይ ሜሪ ጄን እንደምትወደው ስትነግረው፣ ፒተር እየወደዳት ጥሏት ይሄዳል። አጠገቡ ያለ ሰው ሁሉ እንደሚጎዳ ገብቶታል። ዋጋው አልቀረም፣ ቦታው ነው የተቀየረው። እኔ ይህን ፊልም ታማኝ የምለው ለዚህ ነው።

5. ለውጥ ስታገኙ «በምትኩ ምን መጣ?» በሉ።
በኮሚኩ ፒተር ድር የሚረጨውን መሣሪያ ራሱ ነው የሚሠራው። በ2002ቱ ፊልም ድሩ ከእጁ አንጓ ይወጣል። ገንዘብ የሌለው ልጅ በጭንቅላቱ ብቻ ያን መሣሪያ መፍጠሩ ቀረ፤ በምትኩም ያን ያህል የመጣ ነገር የለም። ይህ ያናድደኛል።

የብላክ ፓንተር ጠላት ኪልሞንገር ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ዶን ማግሬገር በ1973 ሲጽፈው ዋካንዳ በምትባል የፈጠራ አፍሪካዊት አገር ተወልዶ ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ያደገ ስደተኛ ነበር። ራያን ኩግለር በ2018ቱ «ብላክ ፓንተር» አሜሪካ፣ ኦክላንድ አሳደገው፣ የቲቻላ (የብላክ ፓንተሩ) የአጎት ልጅም አደረገው። አባቱን የገደለው ደግሞ የቲቻላ አባት ነው። ቲቻላ ከፏፏቴው የሚወረወርበት ትዕይንት ከኮሚኩ አለ። አሁን ግን ወርዋሪው የገዛ ሥጋው ነው፣ ቂሙም ከቤት የወጣ ነው። እንዲህ ያለ ለውጥ ታሪኩን ያጠነክረዋል።

6. ፍርዳችሁን በማስረጃ ተናገሩ።
«ሰማንያ በመቶ ታማኝ ነው» አይባልም። የትኛው እትም፣ የትኛው ትዕይንት፣ ምን ቀረ፣ በምን ተተካ ብላችሁ ተናገሩ።

ለመለማመድ የማርቭል ጀግኖች እርስ በርስ የሚጣሉበት «ሲቪል ዋር» ጥሩ ነው። ማርክ ሚላር በጻፈውና በ2006 በጀመረው ኮሚክ፣ ጠቡ ጀግኖች እውነተኛ ስማቸውን ለመንግሥት ያስመዝግቡ በሚል ሕግ የተነሳ ነው። በ2016ቱ ፊልም ግን በተባበሩት መንግሥታት ሥር ይሁኑ በሚል ስምምነት ነው። በኮሚኩ ካፒቴን አሜሪካ እጁን ይሰጣል። በፊልሙ ጋሻውን ጥሎ ይሄዳል። ሁለቱን መጨረሻዎች ጎን ለጎን አስቀምጡና ማን ምን እንዳጣ ጻፉ።