እንደ ጥንብ አንሳ የምትዞረው ድሮኔ

ሁለት ሳምንት ያናደደኝን ነገር ልንገራችሁ። ጅማ፣ ሜዳ ላይ ድሮኔን አነሳለሁ። በእጄ ስነዳት ሰላም ናት። ሎይተር ላይ ሳደርጋት፣ ማለትም ባለሽበት ቁሚ ስላት፣ መዞር ትጀምራለች። ክቡ እየሰፋ ይሄዳል። ልክ ጥንብ አንሳ!

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጂፒኤሱን ነበር። 14 ሳተላይት ይዟል፤ ምስኪኑን በከንቱ አማሁት። ጥፋተኛው ኮምፓሱ ነው። አርዱፓይሎት፣ ማለትም ድሮኗን የሚያበራው ሶፍትዌር፣ ቦታዋን ከጂፒኤስ ቢያውቅም፣ አፍንጫዋ ወዴት እንደዞረ በዋናነት የሚነግረው ኮምፓሱ ነው። እሱ ሲዋሽ እርማቱም ወደ ጎን ይሄዳል።

የባትሪው ወፍራም ሽቦ ከኮምፓሱ ሁለት ጣት እንኳ አይርቅም ነበር፤ በሽቦው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ የሚፈጥረው መግነጢስ ኮምፓሱን ያሳስተዋል። በዚያ ላይ ኮምፓሱን ካሊብሬት ያደረግኩት፣ ማለትም ልኩን ያስተካከልኩት፣ ቤት ውስጥ፣ ቆርቆሮ ሥር፣ ከብረት አልጋ አጠገብ። ጉድ እኮ ነው።

ጂፒኤሱንና ኮምፓሱን፣ አንድ ላይ ናቸው፣ 12 ሴንቲ ሜትር ዘንግ ላይ ሰቀልኩ። ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ እርስ በርስ ጠመዘዝኩ። ሚሽን ፕላነር በሚባለው የድሮን ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ የመቆጣጠሪያ ቦርዱን የውስጥ ኮምፓስ አጠፋሁ። ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ፣ ሜዳ ላይ እንደ አዲስ ካሊብሬት አደረግኩ። ሞተሮቹ ኮምፓሱ ላይ የሚፈጥሩትን ረብሻ ስለካ 64 በመቶ የነበረው 18 ሆነ። ከ30 በታች ከሆነ ይበቃል።

ትናንት ቀጥ ብላ ቆመች። ስትዞር የሚያጨበጭቡት የሰፈር ልጆች ግን ቅር አላቸው፦ «ዛሬ አትዞርም እንዴ?»