«ተራቸው ደርሷል» እና ሌሎች የኦክቶበር ቤዝቦል ስህተቶች

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ቤዝቦልን የተማርኩት በሬዲዮ ነው፤ መኪናዬን ጥግ አስይዤ ተሳፋሪ ስጠብቅ። መጀመሪያ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ብዬ ነበር የምከፍተው። ኋላ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱው ሆነ። አሁን ኦክቶበር በመጣ ቁጥር ዘመድ ወዳጅ እኔ ቤት ይሰበሰባል። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ? ጥብሱ ይቀርባል፣ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል። ችግሩ ወሬው በየዓመቱ ያው መሆኑ ነው። ዘንድሮ ጉሮሮዬን ከማደርቅ ልጻፈው አልኩ።

የጨዋታውን ሕግ አላስረዳም። እሱን ልጆቻችሁን ጠይቁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ያሸነፈው ዋንጫውን ይወስዳል ማለት

ይሄን ከእግር ኳስ ይዘነው የመጣን ነው። እዚያ ሊጉን በአንደኝነት የጨረሰ ሻምፒዮን ነው፤ አለቀ። እዚህ ግን 162 ጨዋታ ተጫውተህ፣ አንደኛ ወጥተህ፣ በኦክቶበር እንደገና ከዜሮ ትጀምራለህ። የመጀመሪያው ዙር ከ3 ጨዋታ 2 ያሸነፈ ያልፋል። ቀጣዩ ከ5 ጨዋታ 3። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዙሮች ከ7 ጨዋታ 4።

ሲያትል በ2001 116 ጨዋታ አሸንፎ ወርልድ ሲሪስ (የፍጻሜው ዙር) እንኳን አልደረሰም። ሴንት ሉዊስ በ2006 83 ብቻ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በ2025 ሚልዋኪ 97 ጨዋታ አሸንፎ ከሁሉም በላይ ሆነ። የሎስ አንጀለሱን ዶጀርስ በመደበኛው ውድድር 6 ጊዜ ገጥሞ 6ቱንም አሸነፈ። በኦክቶበር ሲገናኙ ግን ዶጀርስ 4 ለ 0 ሸኘው።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንዱ ቡድን ከተጋጣሚው ይሻላል እንበል፤ ከ100 ጨዋታ 55ቱን ያሸንፈዋል። በቤዝቦል ይሄ ቀላል ብልጫ አይደለም። ታዲያ ይሄ ቡድን የ7 ጨዋታውን ዙር የማለፍ ዕድሉ 61 በመቶ ገደማ ነው። የ5 ጨዋታው 59፣ የ3 ጨዋታው ደግሞ 57። የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወት ቢያልፍና ሁልጊዜ እንደዚህ የሚበልጠውን ቡድን ብቻ ቢገጥም፣ የቀሩትን ሦስት ዙሮች በሙሉ የማሸነፍ ዕድሉ 22 በመቶ ነው። ስለዚህ ከአምስት ዓመት አራቱን ተሸንፎ ቤቱ ይገባል ማለት ነው። የተሻለው ቡድን እሱ ሆኖ! ይሄን ካላወቃችሁ ኦክቶበር በሙሉ ስትናደዱ ትከርማላችሁ።

«ተራቸው ደርሷል»

አንድ የሥራ ባልደረባዬ አለ። እሱም ታክሲ ነጂ ነው። ሚኒሶታ ትዊንስ የሚባለውን ቡድን በፕሌይኦፍ (በኦክቶበሩ ጥሎ ማለፍ) ተከታታይ ሽንፈት ነው የወደደው። ትዊንስ በ2004 ፕሌይኦፍ አንድ ጨዋታ ካሸነፉ ወዲህ አላሸነፉም ነበር። በዚያው በ2004 ሦስት፣ በ2006 ሦስት፣ በ2009 ሦስት፣ በ2010 ሦስት፤ እንዲህ እያለ ይቆጠራል። ባልደረባዬ በ2017 «በቃ፣ ተራቸው ደርሷል» ብሎ በክትፎ ተወራረደኝ። በያንኪስ ተሸነፉ። በ2019 ሦስት ጨዋታ፣ ሦስቴ ተወራረደ፤ ሦስቱንም በያንኪስ ተሸነፉ። በ2020 ሁለት፣ አሁን ደግሞ በሂውስተን። ድምሩ 18 ተከታታይ ሽንፈት ሆነ፤ 13ቱ በያንኪስ። እኔ ደግሞ ስድስት ክትፎ በላሁ።

ወንድሜ ሆይ፣ ኳሷ ትናንት የሆነውን አታውቅም። እዳ የሚከፈልበት መዝገብ የለም። አስራ ሰባቴ የተሸነፈ ቡድን ለአስራ ስምንተኛው ጨዋታ የሚገባው በዚያን ቀን ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) ማን ነው፣ መቺዎቹ እነማን ናቸው በሚለው ብቻ ነው።

ኦክቶበር 3 ቀን 2023 ሮይስ ሉዊስ ሁለት ሆም ራን (ኳሷን ከሜዳ የሚያሻግር ምት) መታ፣ ትዊንስ ቶሮንቶን 3 ለ 1 አሸነፉ። ደወልኩለት። ለካ በዚያን ቀን አልተወራረደም። ምነው ብለው፣ «ተዋቸው፣ እነሱማ የተረገሙ ናቸው» አለኝ። ከአንዱ ስህተት ወጥቶ ወደ ሚቀጥለው ገብቶ ነበር።

የተረገሙ ናቸው፣ ወኔ የላቸውም ማለት

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። አስቀድሜ ልናዘዝ፤ እኔም ብዬዋለሁ። የእኛው የዲሲ ቡድን ናሽናልስ በ2012 በወሳኙ ጨዋታ 6 ለ 0 መርቶ 9 ለ 7 ተሸነፈ። በ2014 18 ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድን ተራ በተራ የሚመታበት ክፍል) በፈጀ ጨዋታ በሳን ፍራንሲስኮ ቡድን 2 ለ 1 ተሸነፈ። በ2016 በመጨረሻው ጨዋታ 4 ለ 3፣ በ2017 በመጨረሻው ጨዋታ 9 ለ 8። በእነዚያ ሌሊቶች ከስታዲየም የጫንኳቸው ሰዎች ለቅሶ ቤት የሚሄዱ ነበር የሚመስሉት። «ይሄ ቡድን ወኔ የለውም» ይላሉ። እኔም በመስታወት እያየሁ ራሴን እነቀንቃለሁ። በ2019 የመጀመሪያዎቹን 50 ጨዋታዎች 19 አሸንፈው 31 ተሸነፉ። ያኔማ ሬዲዮው ራሱ ያሳፍር ነበር። በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆኑ። ታዲያ እርግማኑን ማን ፈታው? ጸበል የወሰዳቸው አለ?

ሰው ሁለት ጨዋታ በአንድ ነጥብ ሲሸነፍ ስለ ልቡ ፍርድ መስጠት ይቀለናል። በዚያች አንድ ነጥብ ውስጥ ያለውን ግን አናይም። በ2019 ወርልድ ሲሪስ ሰባተኛው ጨዋታ ላይ የናሽናልሱ ሃዊ ኬንድሪክ የመታት ሆም ራን የሜዳውን ወሰን የሚያሳየውን የፋውሉን ምሰሶ ነው ያገኘችው። ትንሽ ወደ ቀኝ ብትስት ፋውል ናት፣ ኬንድሪክም እንደገና ይመታል። ምናልባት እኔም ዛሬ ስለ አምስተኛው የናሽናልስ ሽንፈት እየጻፍኩ ነበር። የልብ ጉዳይ ሳይሆን የጣት ስፋት ጉዳይ ነው።

ተጫዋች ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ጎበዝ የሚባል መቺ እኮ ከ10 ጊዜ 7ቱ አይሳካለትም። ታዲያ በአንድ ሳምንት 20 ጊዜ ሞክሮ ቢከሽፍበት ምን ይደንቃል? ጊል ሆጅስ የብሩክሊን ዶጀርስ ኮከብ ነበር። በ1952 ወርልድ ሲሪስ 7 ጨዋታ ተጫውቶ፣ 21 ጊዜ ለመምታት ሞክሮ፣ አንዲት ኳስ ለፍሬ አላበቃም። በቀጣዩ ፀደይም መድረቁ ሲቀጥል አንድ የብሩክሊን ቄስ ሙቀት በበዛበት እሑድ ስብከታቸውን ትተው ምእመናኑ ለሆጅስ እንዲጸልዩ ነገሯቸው። ይሄን ታሪክ ለእናቴ ስነግራት «እንዲህ ነው ካህን!» አለች። በ1955 ወርልድ ሲሪስ ሰባተኛው ጨዋታ ብሩክሊን 2 ለ 0 አሸንፎ ብቸኛውን ዋንጫውን ሲያገኝ ሁለቱንም ነጥብ ያስገባው ሆጅስ ነበር። መቺው ባሪ ቦንድስም እስከ 2002 ድረስ «በኦክቶበር ይጠፋል» ይባል ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ውስጥ 8 ሆም ራን መታ። ልቡን ቀይሮ ነው? ያው ሰውዬ ነው።

«ታዲያ የትዊንስ 18 ሽንፈት ዕድል ብቻ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ያንኪስ በአብዛኛው ከእነሱ የተሻሉ ነበሩ። በእያንዳንዱ ጨዋታ የማሸነፍ ዕድላቸው 40 በመቶ ነበር ብንል እንኳ፣ 18 ጊዜ በተከታታይ የመሸነፍ ዕድሉ ከ10,000 አንድ ገደማ ነው። ብርቅ ነው። ግን ሎተሪ ለአንተ ቢደርስ ነው ብርቅ፤ ለሆነ ሰው መድረሱማ ያለ ነው። ይሄን ያህል ቡድን ከመቶ ዓመት በላይ ሲጫወት የሆነ ቡድን ላይ እንዲህ ያለ ነገር መውደቁ አይቀርም።

ጥፋቱን ሁሉ ለአንድ ሰው ማሸከም

ቢል ባክነር በ1986 ወርልድ ሲሪስ ስድስተኛው ጨዋታ ኳስ በእግሮቹ መሃል አልፋበት ቦስተን ተሸነፈ። ሰው የሚያስታውሰው ይሄን ብቻ ነው። ኳሷ ከማለፏ በፊት ሌሎች ተጫዋቾች የሁለት ነጥብ ብልጫ አስበልተው ጨዋታው እኩል ሆኖ እንደነበረ፣ ሰባተኛ ጨዋታም ገና እንደነበረ፣ በሰባተኛውም ቦስተን 3 ለ 0 መርቶ እንደተሸነፈ የሚናገር የለም።

«በሜዳቸው ነው የሚጫወቱት»

በ2019 ወርልድ ሲሪስ ሰባቱንም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነው። በ2023 ቴክሳስ በፕሌይኦፍ ከሜዳው ውጪ 11 ጊዜ ተጫውቶ 11ዱንም አሸነፈ። ቀጥሉ።

ፉከራን አለማወቅ

እኛ ቤት ሽለላና ፉከራ ለማን ብርቅ ነው? ግን መቺው ኳሷን ስታዲየም አሻግሮ ዱላውን ሲወረውር ቤቴ ውስጥ ያሉት ጋሼዎች «ባለጌ!» ይላሉ። የድሮ አሜሪካኖችም እንደዚያው ናቸው። ፒቸሩ ይቆጣል፣ በቀጣዩ ጊዜ ኳሱን መቺው ጎን ላይ ይሰካዋል። እኛ ደግሞ ዱላና ኳስ ባለበት ጨዋታ ላይ የተባለውን እናውቃለን፦ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።

ትልቁ ስህተት ግን ቡድኑ በፉከራው ምክንያት ያሸነፈ ወይም የተሸነፈ ይመስል መቁጠር ነው። የያንኪሱ ቤብ ሩት በ1932 ቺካጎ ላይ የተጋጣሚው ተጠባባቂዎች ሲሰድቡት በእጁ ጠቆመና ቀጥሎ ሆም ራን መታ። የጠቆመው ኳሷ የምታርፍበትን ነው ወይስ ተሳዳቢዎቹን? እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ቢስት ኖሮ ማን ያስታውሰው ነበር? ጠቁመው የሳቱት ስንት ናቸው?

የቶሮንቶው ሆሴ ባውቲስታ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2015 በሜዳቸው ቴክሳስ ላይ ሆም ራን መትቶ ያቺን ዱላ ወረወረ። ሰው ሁሉ ዱላዋን ያስታውሳል። ከዚያ በፊት ቴክሳሶች በዚያው ኢኒንግ ሦስት ስህተት በተከታታይ መሥራታቸው ተረስቷል። ቶሮንቶ በቀጣዩ ዙር በካንሳስ ሲቲ ተሸነፈ፤ ፉከራው ምንም አልፈየደም። በሜይ 2016 የቴክሳሱ ሩግኔድ ኦዶር ባውቲስታን መንጋጋው ላይ በቡጢ አለው። በኦክቶበር እንደገና ተገናኙ። ቶሮንቶ 3 ለ 0 አለፈ፣ የመጨረሻዋም ነጥብ የገባችው ኦዶር ኳስ አበላሽቶ በመወርወሩ ነው። ይሄን ስነግራቸው ጋሼዎቹ «አየህ፣ የእጁን አገኘ!» ይላሉ። እንግዲህ ምን ልበል። እኔም በዚያን ቀን ስቄያለሁ።

ፉከራ በእውነት የሚጎዳው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሳይሮጡ ሲፎክሩ። የአትላንታው ሮናልድ አኩኛ በ2019 ኳሷን መትቶ ቆሞ ሲያደንቃት ግድግዳ መታችና ሁለተኛ ቤዝ (ሯጩ የሚያርፍበት ጣቢያ) መድረስ ሲችል አንደኛው ላይ ቀረ። አትላንታም በአንድ ነጥብ፣ 7 ለ 6 ተሸነፈ። ወጣቶች፣ መጀመሪያ ሩጡ።

«ሁሉም ዕድል ነው» ብሎ መተው

ከላይ ያለውን አንብቦ «እንግዲያው ሳንቲም ነው» የሚል አይጠፋም። ቆይ። በኦክቶበር የዕረፍት ቀን ስለሚበዛ አሠልጣኙ ምርጥ ፒቸሮቹን ደጋግሞ ያስወረውራል። አምስተኛው ፒቸር ዳር ይቀመጣል። ስለዚህ የበጋው ቡድንና የኦክቶበሩ ቡድን ስማቸው አንድ ሆኖ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። የዶጀርሱ ዮሺኖቡ ያማሞቶ በ2025 ወርልድ ሲሪስ ስድስተኛውን ጨዋታ ጀምሮ አሸንፎ፣ በማግስቱ በሰባተኛው ተመልሶ ገብቶ ጨረሰው። ይሄ ዕድል አይደለም፤ ክንድ ነው።

ያም ሆኖ በዚያው ስድስተኛ ጨዋታ መጨረሻ ላይ የቶሮንቶው አዲሰን ባርገር የመታት ኳስ ከግድግዳው ሥር ተሰነቀረች። ብትነጥር ኖሮ ሯጩ ነጥብ ያስገባ ነበር። ስለተሰነቀረች ሕጉ ሦስተኛ ቤዝ ላይ አቆመው። ዶጀርስ 3 ለ 1 አሸነፉ። ክንዱም አለ፣ ስንጥቁም አለ።

ቀድሞ መውጣት

ኦክቶበር 1 ቀን 2019። ናሽናልስ ከሚልዋኪ፣ የተሸነፈ ቤቱ የሚገባበት ጨዋታ። 3 ለ 1 እየተመራን ነው። እኔ ስታዲየሙ አጠገብ ቆሜ ቀድሞ የሚወጣ ሰው እጠብቃለሁ። በስምንተኛው ኢኒንግ ግድም ቀይ ማልያ የለበሰ ሰውዬ ገባ። «ሬዲዮውን አጥፋልኝ፣ መጨረሻውን አውቀዋለሁ» አለኝ። እኔም አውቀው ነበር፤ ደስ እያለኝ አጠፋሁት። ሳውዝ ካፒቶል መንገድ ላይ ቀይ መብራት ያዘን። ከኋላችን መሬት የሚያንቀጠቅጥ ጩኸት መጣ። ሬዲዮውን ስከፍተው ሁዋን ሶቶ የመታት ኳስ በተከላካዩ ሥር ሾልካ ሦስት ሰው ገብቷል። 4 ለ 3።

ሰውዬው ቤቱ እስኪደርስ አንድ ቃል አልተናገረም። ቲፕም አልሰጠኝም።