ስልኩ «ደርሳችኋል» ካለ በኋላ፦ በሰሜን ሸዋ ዲቴክተር ይዞ ጂኦካሺንግ

ባለፈው ጥቅምት ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ጣሳ ስንፈልግ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ስልኩ እዚህ ነው ይላል። እኛ የቆምነው የድንጋይ ካብ አጠገብ ነው፤ ካቡ ረጅም ነው፣ ጣሳ የሚያስገባ ቀዳዳውም ብዙ ነው። እጃችን በውርጭ ደንዝዟል። በመጨረሻ አንዱ ጓደኛችን ከመኪናው ዲቴክተር (ብረት ሲያገኝ የሚጮኽ መፈለጊያ ማሽን) አምጥቶ ካቡን ተከትሎ ቀስ እያለ ሲያሳልፈው ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም፣ ጮኸ። አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ስናነሳ የወተት ዱቄት ጣሳዋ አረንጓዴ ቀለም ተቀብታ ቁጭ ብላለች።

ጂኦካሺንግ የሚባለውን ይህን ጨዋታ ለማታውቁት፦ አንዱ ዕቃ ይደብቅና የቦታውን የጂፒኤስ ቁጥር ይሰጣል። ሌላው ፈልጎ ያገኛል፣ ውስጡ ባለው ደብተር ስሙን ይጽፋል፣ ከዚያ መልሶ እዚያው ያስቀምጣል። የተጀመረው ሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ነው። አሜሪካ በሲቪል ጂፒኤስ ላይ ሆን ብላ ታደርገው የነበረውን ማዛባት ባነሳች ማግስት፣ ኦሪገን ውስጥ አንድ ሰው ባልዲ ደብቆ ቁጥሩን ለሌሎች ሰጠ። ያ ባልዲ በከፊል ተቀብሮ ነበር። የዛሬው የጨዋታው ሕግ ግን መቅበርን ይከለክላል። ይህን ያዙልኝ፣ ለእኛ አገር በጣም ያስፈልገናል፤ ዲቴክተር ይዘን የምንወጣው የቱን ድንጋይ እንደምናነሳ ለማወቅ ነው እንጂ ለመቆፈር አይደለም። ዶማና አካፋ ቤት ይቅሩ።

ዲቴክተሩን ገና እንደደረሳችሁ አታውጡት። የስልክ ጂፒኤስ ሰማይ ክፍት በሆነበት ሜዳ 5 ሜትር ያህል ሊሳሳት ይችላል። እንደ ጣርማ በር ባለ ገደላማ ቦታ ደግሞ ሲግናሉ ከገደሉ ጋር እየተላተመ ስለሚመጣ ስህተቱ ይብሳል። ስለዚህ ከተለያየ አቅጣጫ ሦስት ጊዜ ያህል ወደ ነጥቡ ቅረቡ፣ ስልኩ «ደርሳችኋል» ባለበት ሁሉ ጠጠር አስቀምጡ። ጠጠሮቹ የሚከቡት ቦታ የመፈለጊያ ሜዳችሁ ነው። ከዚያ ዝም ብላችሁ ቁሙና እኔ ብሆን የት እደብቅ ነበር ብላችሁ እዩ። አዲስ የተነካ ድንጋይ፣ ያለ ቦታው የተደረደረ ጭራሮ፣ የተረገጠ ሣር። ግማሹ ጊዜ ዲቴክተር ሳያስፈልግ ይገኛል።

ካልተገኘ አሁን አብሩት። ማሽኑ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ጫፉ ላይ ያለው ክብ ኮይል (የሽቦ ጥቅል) መግነጢሳዊ ሞገድ ይልካል፣ ብረት ሲያገኝ ብረቱ ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዙረት ይፈጠራል፣ ማሽኑ የዚያን መልስ ሰምቶ ይጮኻል። ችግሩ የእኛ ድንጋይ ነው። ሰሜን ሸዋ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ባዛልት ነው፣ ባዛልት ደግሞ ውስጡ ብረት አዘል ማዕድን አለው። ማሽኑ መሬቱን ራሱን ብረት ነው ብሎ ይጮኻል። ስለዚህ መጀመሪያ ከመሬቱ ጋር አስተዋውቁት። ብረት የሌለበት ንጹሕ ቦታ ፈልጉ፣ ኮይሉን ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ዝቅ አድርጉ፣ ድምፁ ከፍ ሲልም ዝቅ ሲልም እኩል እስኪሆን ድረስ የግራውንድ ባላንሱን (ማሽኑን ከመሬቱ ጋር የሚያስማማውን ማስተካከያ) አስተካክሉ። ከመረሬው ጥቁር አፈር ወደ ድንጋያማው ስትሻገሩ እንደገና አስተካክሉ። ይህን የዘለለ ሰው ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲያገላብጥ ይውላል።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ዲስክሪሚኔሽን የሚባለው ማስተካከያ ተራ ብረትን ዝም የሚያሰኝ ነው፤ ወርቅና ሳንቲም የሚፈልጉ ሰዎች ምስማር እንዳያስቸግራቸው ከፍ ያደርጉታል። እኛ የምንፈልገው ግን ራሱን ጣሳውን ነው! ጣሳ ብረት ነው። ያንን ከፍ አድርጋችሁ ከፈለጋችሁ ጣሳው ላይ ቆማችሁ ማሽኑ ዝም ሊላችሁ ይችላል። ሁሉንም ብረት የሚያሰማውን ሞድ ምረጡ። የማሽኑን የመስማት አቅም ደግሞ እስከ መጨረሻው አትክፈቱት፣ በተለይ የኤሌክትሪክ መስመር ሥር ከሆናችሁ እንዲሁ ይንጫጫል። ስልካችሁንም ከኮይሉ አርቁት፣ እሱም ይረብሻል።

ስትሄዱ ኮይሉን ከመሬቱ ሁለት ሦስት ጣት ከፍ አድርጋችሁ፣ ጠፍጣፋ እንደያዛችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ግራና ቀኝ። ቤት ስትጠርጉ መጥረጊያው የጠረገውን ትንሽ እየደገመ እንደሚሄደው ነው፤ ክፍተት አትተዉ። ካብ ከሆነ ከጎኑ ጭምር አሳልፉት፣ ሁለቱንም ፊት።

ሲጮኽ ወዲያው አትጎንበሱ። ኮይሉን ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሡት። ምስማር ወይም ቆርኪ ከሆነ ትንሽ ከፍ ስትሉ ድምፁ ይጠፋል። ጣሳ ከሆነ ግን አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብላችሁም ይሰማል፣ ድምፁም ሰፊ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ይዘልቃል። ከዚያ አንዴ ግራና ቀኝ፣ አንዴ ፊትና ኋላ አሳልፉና ሁለቱ የሚገናኙበትን ምልክት አድርጉ። ዕቃው እዚያ ሥር ነው። እኛ አካባቢ የሚያስቸግረው ቆርኪ፣ የሽቦ ቁራጭ፣ የማረሻ ስባሪና ከፈረስ ዕቃ የወደቀ ብረት ነው። ላስቲክ ዕቃ ከሆነ የተደበቀው ማሽኑ አይሰማውም። ለዚህ ነው ላስቲክ ስደብቅ ውስጡ ትልቅ ብሎን የማስቀምጠው። የ1 ብር ሳንቲምም ይሠራል፣ ግን ድምፁ ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ይህ ምድር ብዙ ጦርነት አይቷል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አርበኞች ከጣሊያን ጋር የተዋጉበት ነው፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ደርሶ ነበር። ማሽናችሁ የሚጮኽለት ነገር ሁሉ ጣሳ አይደለም። ቀለህ ጥርት ያለ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ ትልቅ ብረት ደግሞ ያልፈነዳ ነገር ሊሆን ይችላል። የማታውቁት ቅርጽ ካያችሁ አትንኩ፣ አትምቱ፣ ፎቶ ለማንሳት እንኳ አትጠጉ። በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፣ ሌላ ሰው እንዳይቀርብ አድርጉ፣ ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ንገሩ። በዚሁ ምክንያት ውጭ አገር የሚወደደውን የጥይት ሳጥን እዚህ ለመደበቂያ አትጠቀሙ። እረኛ ቢያገኘው ምን ይላል? የዕለቱን ጸጥታም ሳትጠይቁ ከከተማ አትውጡ።

ጥንታዊ ነገር ካገኛችሁም እንዲሁ ባለበት ተዉት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ያለ ፈቃድ መቆፈርም አይቻልም። አንኮበር የቤተ መንግሥቱ ፍራሽ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ መካነ መቃብር ላይ ዲቴክተሩን ከቦርሳው አታውጡት። መንዝ ውስጥ ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ በመርዝ ጋዝ ያለቀበት አመጸኛ ዋሻ አለ፤ እዚያ የጨዋታ ዕቃ አይደበቅም። ጓሳም የማኅበረሰቡ ጥብቅ ቦታ ነው፣ ሳትጠይቁ አትግቡ።

እና ሰው። ዲቴክተር የያዘ ሰው ያየ ገበሬ መጀመሪያ የሚያስበው ወርቅ ነው። ጣሊያን ቀብሮት ሄደ የሚባል ወርቅ ወሬው ስንት ዘመኑ ነው። ስለዚህ ማሽኑን ሳታወጡ መሬቱ የማን እንደሆነ ጠይቁና ወደ ባለቤቱ ሂዱ። እኛ አንዴ «እንደምን ዋሉ አባባ» ብለን አንድ አዛውንት አጠገብ ተቀመጥን፣ ጣሳዋን ከፍተን ደብተሩን አሳየናቸው፣ ስማችንን እንደምንጽፍ ነገርናቸው። አዛውንቱ ደብተሩን አገላብጠው፣ «እና ይኼን ብላችሁ ነው ከደብረ ብርሃን የመጣችሁት?» አሉ። አዎ አልን። ልጃቸውን ጠርተው አብሮን እንዲፈልግ ላኩት፣ የሚቀጥለውን ያገኘው እሱ ነው። ገብስና ባቄላ ሳይነሳ ግን ማሳ ውስጥ አትግቡ፣ ቢፈቀድላችሁም። ከታኅሣሥ በኋላ ይሻላል።

ባትሪ ብርድ አይወድም። የደብረ ብርሃን ጠዋት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ትርፍ ባትሪ ኪሳችሁ ውስጥ፣ ገላችሁ አጠገብ ያዙ፤ ዲቴክተሩ ውስጥ ያለው ሲዳከም ድምፁ ከመጥፋቱ በፊት መዋዠቅ ይጀምራል፣ ያን ጊዜ ቀይሩት። ጣሳዋን ስታገኙ ስማችሁን በእርሳስ ጻፉ፣ እስክሪብቶ በውርጭ አይጽፍም። ጣሳዋ ውስጥ ካለው ዕቃ ከወሰዳችሁ በምትኩ እኩል ወይም የተሻለ ነገር አስቀምጡ፣ የሚበላ ግን አይሆንም፣ ጅብና አይጥ ይቀድማችኋል። ድንጋዩን በነበረበት ፊት መልሱት፣ ሽበቱ፣ ማለትም በጊዜ ብዛት የነጣው ገጽታው፣ ወደ ላይ።