የቀረ ሰላምታና አምስት ዓምድ፦ ሲቢቲን በደብተር መለማመድ

ኮምቦልቻ ያለች አንዲት እናት የቅሬ (የሰፈር እድር) ለቅሶ ሳትደርስ ቀረች እንበል። በማግስቱ ጎረቤቷ ሳትናገራት አለፈች። ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች፤ ጠዋት ለቡና ስትጠራ «አሞኛል» ብላ ቀረች። እንቅልፍ የነሳት የቀረው ሰላምታ ይመስላል። መሃል ላይ ግን ብልጭ ብሎ ያለፈ ሐሳብ አለ፦ «ቅሬው ሁሉ ጠልቶኛል»። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የድብርት ታካሚዎቻቸውን ሲያዳምጡ ያስተዋሉት ይህን ዓይነቱን ሐሳብ ነበር፤ ሲቢቲ የሚባለው የንግግር ሕክምናም ሐሳቡን ይዞ መመርመርን ያስተምራል።

ደብተርዎን በአምስት ዓምድ ያስምሩ፦ የሆነው፣ ስሜቱ፣ ሐሳቡ፣ ማስረጃው፣ የተመዘነው ሐሳብ። ለአንድ ጉዳይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ንዴቱ ጣሪያ ሲነካ አይጻፉ፤ ሲበርድልዎ ይጻፉ፣ ግን በዚያው ቀን።

የመጀመሪያው ዓምድ ዓይን ያየውንና ጆሮ የሰማውን ብቻ ይይዛል። «ናቀችኝ» እዚህ ቦታ የለውም፤ «ወፍጮ ቤት በር ላይ አየኋት፣ ሳትናገረኝ አለፈች» ይባል። ስሜቱ በአንድ ቃልና ከ100 በሚሰጥ ቁጥር ይጻፋል፦ ሀፍረት 80፣ ፍርሃት 60። ቁጥሩን የሚዘሉ ሰዎች 80 ወደ 50 መውረዱን ስለማያዩ «ምንም አልጠቀመኝም» ብለው ይተዉታል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ሦስተኛው ላይ ነው። «ከፋኝ» ብሎ ስሜቱን ይደግማል፣ ወይም «ለምን ዘጋችኝ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄ በማስረጃ አይመረመርም፤ መልሱን፣ ያውም የፈሩትን መልስ ይጻፉ፦ «ጠልታኛለች»። ሐሳቡ ሦስት አራት ከሆነ ይበልጥ የሚያመውን ያስምሩበትና በእሱ ብቻ ይሥሩ።

ማስረጃ ሲጽፉ እንደ አበጋር (በወሎ የተጣላን የሚያስታርቅ ሽማግሌ) ሁለቱንም ወገን ይስሙ። ሐሳቡን የሚደግፈው ይቅደም፤ ከተዘለለ ልብ ማታ «ግን እኮ...» እያለ ያነሣዋል። «ይሰማኛል» ማስረጃ አይሆንም። እናቲቱ ለቅሶ አለመድረሷ ማስረጃ ነው፤ ባለፈው ወር ልጇ ሲታመም ቀድማ የደረሰችው ያችው ጎረቤት መሆኗም እንዲሁ።

አምስተኛው ዓምድ ማር የተቀባ ውሸት አይጻፍበትም። «ሁሉም ይወደኛል» ቢሉት ልብ አይቀበለውም። «መቅረቴ አንዳንዱን ቅር አሰኝቶ ይሆናል፤ ሁሉም ጠላኝ ለማለት ግን የያዝኩት ነገር የለም» ቢባል ያስኬዳል። ከዚያ ስሜቱን እንደገና በቁጥር ይስጡት፤ ዜሮ አይጠብቁ። ሐሳቡ እውነት ሆኖ ከተገኘስ? ያኔ ክርክር አያስፈልገውም፤ የቅሬውን መቀጮ ከፍሎ ይቅርታ መጠየቅ ይቀላል።

በወረቀት የተገኘው በተግባር ይፈተን። ቡናው ላይ ከመሄድዎ በፊት ግምትዎን ይጻፉ፦ «ማንም አያናግረኝም፣ 90 በመቶ»። ሄደውም ከአቦል እስከ በረካ ይቆዩ። ፍርሃት መጀመሪያ ላይ ያይልና ሰው ሲቆይ ይረግባል፤ አቦሉን ፉት ብሎ የወጣ ሰው ግን «ያዳነኝ መውጣቴ ነው» የሚል ትምህርት ይዞ ቤቱ ይገባል፣ በሚቀጥለው ጊዜም ይብስበታል። ሲመለሱ የሆነውን ከግምቱ ጎን ያስፍሩ። (ዱአውም ጸሎቱም እንዳለ ይቀጥላል፤ ከዚህ ጋር አይጋጭም።)

ወስዋስ (የሚያስጨንቅ ሐሳብ እየተመላለሰ አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያስደርግ ሕመም) ላለበት ሰው ይህን ደብተር ብቻውን እንዲይዝ አንመክርም፤ ማስረጃ ፍለጋው ራሱ እንደ እጅ መታጠቡ የሚደጋገም ልማድ ሊሆንበት ይችላል። በ2014ቱ ጦርነት ያዩት እየተመለሰ የሚያስበረግጋቸውም ብቻቸውን ባይጀምሩት ይሻላል። ለሁለቱም በሠለጠነ ባለሙያ የሚመራ የራሱ ዓይነት ሲቢቲ አለ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ዓምድ ማስመሩን ትተው ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ፣ በዚያው ቀንም ሆስፒታል ይሂዱ፤ ሌሊቱን ብቻዎን አይደሩ።