ሌድ ዜፕሊን ለሰለቻችሁ

የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ሌድ ዜፕሊን ሰልችቷችሁ የተዋችሁት ካላችሁ፣ ጥፋቱ የባንዱ ላይሆን ይችላል። ያው አምስት ስድስት ዘፈን እየተመላለሰ ነው ያሰለቸው። "ስቴርዌይ ቱ ሄቨን" ቀሽም ሆኖ አይደለም፤ ጆሮ ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ በቃሉ ስለሚያውቀው መስማት ያቆማል።

መጀመሪያ ለተወሰነ ጊዜ ጭራሽ ተዉአቸው። ስትመለሱ በታዋቂዎቹ ዘፈኖች አትጀምሩ። እ.ኤ.አ. የ1970ውን ሦስተኛ አልበማቸውን ክፈቱና ከስድስተኛው ዘፈን ጀምራችሁ እስከ መጨረሻው ስሙ። አብዛኛው አኩስቲክ ጊታር ነው፤ ጩኸት ብቻ የሚመስላችሁ ባንድ እዚህ ጋ ሌላ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ከዚያ ደግሞ አንድ መሣሪያ ብቻ ተከተሉ። እኔ በጣም የምወደው ይሄንን ነው። ዘፋኙንና ጊታሩን እርሱትና የጆን ፖል ጆንስን ቤዝ ጊታር ብቻ ያዙ፣ በደህና ማዳመጫ ግን፣ የስልክ ስፒከር ቤዝ የሚባል ነገር አያውቅም። ወይም የ1971ዱን አራተኛ አልበም የሚዘጋውን "ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ" ክፈቱና የጆን ቦነምን ከበሮ ስሙ። የተቀረጸው ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል አሮጌ የእንግሊዝ ቤት ውስጥ ነው፤ ከበሮው መግቢያው አዳራሽ ላይ ተቀምጦ፣ ማይኮቹ ከደረጃው ላይ ቁልቁል ተሰቅለው። ያ ግዙፍ ድምፅ ውስጥ የቤቱም ማሚቶ አለበት። ይሄን አውቃችሁ ስትሰሙት፣ ገና ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ይለያል።

የማይጥማችሁን ዘፈን ግን በግድ አትጨርሱ፣ ዝለሉት።